ሪሆቦት፣ ኦሽን ሲቲ ወይስ አሳቲግ? ከዲሲ ተነስቶ በመጸው ባሕር ለሚሄድ

ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ያለው በዓል፣ ሌበር ደይ፣ ሲያልፍ "ባሕር ለዘንድሮ በቃ" የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን የምሄደው ያኔ ነው። ውቅያኖስ እንደ ሸክላ ምጣድ ነው፣ ለመሞቅ ይዘገያል፣ አንዴ ከሞቀ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ጁን መጀመሪያ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚያሳምመው ውሃ፣ ሴፕቴምበር ላይ ልጆች አንወጣም ብለው የሚያስቸግሩበት ይሆናል። ሰዉ ቀንሷል። የሆቴል ዋጋም ወርዷል።

ከዲሲና ከአካባቢው ለሚነሳ ሐበሻ ዋናዎቹ ምርጫዎች ሦስት ናቸው፦ ደላዌር ውስጥ ሪሆቦት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኦሽን ሲቲ፣ ከእሱ ወረድ ብሎ ደግሞ የፈረሶቹ ደሴት አሳቲግ። ለሦስቱም የተለመደው መንገድ የሜሪላንዱን ትልቅ ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅን፣ ይሻገራል። ሪሆቦት ከሲልቨር ስፕሪንግ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ሌሎቹ ወደ 3 ሰዓት ይጠጋሉ። የድልድዩ ቶል የሚከፈለው በመሄጃው ብቻ ነው፣ ስትመለሱ የለም። ከፍታ የሚፈራ ሰው ካለ ከኋላ መሀል አስቀምጡት። እማዬ ከ4 ማይል በላይ የሆነውን ድልድይ ዓይኗን ጨፍና ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነው የተሻገረችው።

የቱ ይሻላል ለሚለው፣ እኔ የምወስነው መኪናው ውስጥ ማን እንዳለ አይቼ ነው።

እናት አባት ከአገር ቤት መጥተው ከሆነ፦ ሪሆቦት

ከተማዋ ትንሽ ናት። ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደው የእንጨት መንገድ፣ ቦርድዎክ የሚሉት፣ 1 ማይል ያህል ብቻ ነው። ለሽማግሌ ጉልበት ልክ ነው። አሸዋ ላይ መውረድ የማይፈልግ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ባሕሩን እያየ ይውላል። በበጋ ፓርኪንግ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳል፣ ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ ግን የመንገድ ዳር የፓርኪንግ ሜትር አይከፈልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደላዌር የሽያጭ ታክስ የለም። ሜሪላንድ ላይ 6 በመቶ የምትከፍሉበት ጫማና ጃኬት እዚህ የተለጠፈበትን ዋጋ ብቻ ነው የሚያስከፍለው፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሩት 1 ላይ ደግሞ ታንገር አውትሌት የሚባል የቅናሽ ሱቆች መንደር አለ። ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ መሙላት የሚጀምረው መቼ ነው? በዚሁ ወቅት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ መጀመሪያ ባሕሩን እዩ። እኛ አንድ ጊዜ "ለ20 ደቂቃ ብቻ" ብለን አውትሌት ገባን፣ ስንወጣ መሽቶ ነበር። ባሕሩን የሰማነው በድምፁ ነው።

ልጆች ከተሰላቹ ሉዊስ አጠገብ ያለው ኬፕ ሄንሎፐን ፓርክ ቅርብ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረ የጥበቃ ማማ አለ፣ ጠመዝማዛ ደረጃውን ወጥቶ ከላይ የደላዌር ቤይ ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኝበትን ማየት ይቻላል። የመግቢያ ክፍያው እስከ ኖቬምበር መጨረሻ አለ፣ የሌላ ስቴት ታርጋ ደግሞ ይበልጥ ይከፍላል። ከዚያው ከሉዊስ ኒው ጀርዚ ኬፕ ሜይ የሚያደርስ ፌሪ ይነሳል፣ 85 ደቂቃ ይወስዳል፣ ያለ መኪናም መሳፈር ይቻላል። መርከብ ላይ ወጥቶ ለማያውቅ ሰው ይኼ ብቻውን ጉዞ ነው።

ጎረምሶችና ብዙ ቤተሰብ ሆናችሁ ከሆነ፦ ኦሽን ሲቲ

ትልቅ ነው፣ ጫጫታ አለው። የባሕር ዳርቻው 10 ማይል ነው፣ ቦርድዎኩ ወደ 3 ማይል ይጠጋል። እንደ ሪሆቦት ሁሉ ባሕሩ ጋ መውረድ በነጻ ነው። ብዙ ክፍል ያለው ቤት ወይም ኩሽና ያለው ሆቴል በቀላሉ የሚገኘው እዚህ ነው፣ ለሦስት ቤተሰብ ድስት ይዞ ለሚሄድ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለቱ፣ ከሴፕቴምበር በኋላ በሥራ ቀን ከሄዳችሁ መጫወቻዎቹ ብዙዎቹ ዝግ ናቸው። ልጅን "ፌሪስ ዊል ትወጣለህ" ብሎ ወስዶ የተዘጋ በር ማሳየት ኃጢአት ነው። ቅዳሜና እሁድ አድርጉት፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

አንድ የምወደው ነገር ልንገራችሁ። ትራሸርስ የሚባል የችብስ ቤት አለ፣ ከ1929 ጀምሮ ያለ። የሚሸጠው ችብስ ብቻ ነው። ካቻፕ የለም፣ ብትጠይቁም አይሰጧችሁም፣ ጨውና አቼቶ ነው። የሚጠበሰው በለውዝ ዘይት ስለሆነ አርብ ቀን ለሚጾም ሰው ይሆናል፣ የጽጌን ጾም ለያዘም እንዲሁ። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ያለው ግን ይጠንቀቅ። ሸርጣኑን የሚበላ ካለ መጸው ላይ ወፍራም ነው ይባላል፤ እኛ ቤት አይበላም።

ከተማ ለሰለቸው፦ አሳቲግ

37 ማይል ርዝመት ያለው የአሸዋ ደሴት ነው። ሆቴል የለም፣ ሱቅ የለም ማለት ይቻላል። ያለው ፈረስ ነው፣ ልጓም አጥልቆ የማያውቅ፣ ባሕር ዳር እንደ ልቡ የሚሄድ ፈረስ። በበጋ ቢምቢው አያስቀምጥም፣ መጸው ሲገፋና ሲበርድ ግን ይቀንሳል። ለዚህ ነው ኦክቶበርን የምመርጠው። ብሔራዊ ፓርኩ ለአንድ መኪና 25 ዶላር ያስከፍላል፣ ለ7 ቀን ይሠራል። ኦሽን ሲቲ ያደረ ሰው በግማሽ ቀን ደርሶ ይመለሳል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ደሴቱ ሁለት መግቢያ አለው፣ አንዱ በሜሪላንድ አንዱ በቨርጂኒያ፣ በውስጥ ደግሞ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ስልካችሁ ላይ ዝም ብላችሁ "አሳቲግ" ብላችሁ ብትጽፉ የተሳሳተው ጫፍ ላይ ልትደርሱ ትችላላችሁ፣ ዞሮ መምጣት ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ፈረሶቹ ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉም። 40 ጫማ ራቁ ይላል ሕጉ። እኛ ራቅን፣ እነሱ ግን አልራቁም። የመኪናውን ኋላ ከፍተን ሻይ ስንቀዳ አንዱ መጥቶ አምባሻችንን ከነፌስታሉ ጎተተው። ባለቤቴ "ተወው፣ ይብላ" ትላለች፣ እኔ ፌስታሉን ይውጠዋል ብዬ እጮሃለሁ። ደግነቱ ጣለው። ምግብ መኪና ውስጥ ይሁን፣ በሩም ይዘጋ።

የትም ሂዱ፣ ውሃው ላይ አትዘናጉ። በመጸው ነፍስ አድን ጠባቂዎቹ ሥራ ይጨርሳሉ። የሀሪኬን ወቅት ደግሞ እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ ማዕበሉ ሩቅ ሆኖም እንኳ ወደ ውስጥ የሚጎትት ውሃ ይፈጠራል። ከጎተታችሁ ወደ ዳር አትታገሉ፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙና ውጡ። ሆቴል ስትይዙም ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ያዙ፣ 15 ዶላር ቢጨምርም።

እኔ ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ሪሆቦት እላለሁ፣ ለሁለት ቀን ኦሽን ሲቲ አድሬ በማግስቱ ጠዋት አሳቲግ። ከቤት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ውጡ። ፔርሙዝ ያዙ፣ ጋቢም ያዙ። ኦክቶበር ላይ ከሰዓት ነፋሱ ቀልድ አያውቅም፤ እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ስትቀመጥ ከጎኗ በቲሸርት የሚንቀጠቀጡት ፈረንጆች በቅናት ነበር የሚያዩዋት።