የመብራት ታሪፍ፦ በእርከን ወይስ በአንድ ዋጋ?

እኛ አገር የሚሠራው በእርከን ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል።

በእርከን፦ የራሱ ቆጣሪ ላለው አነስተኛ ቤተሰብ ይቀላል። ቁጠባንም ያበረታታል። ችግሩ የጋራ ቆጣሪ ላይ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራዮች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው 40 ቢጠቀሙ ቆጣሪው 160 ያነባል። ለየብቻ ቢሆኑ ሁሉም ዝቅተኛው ላይ ነበሩ፤ አሁን ግን ከፍ ባለው እርከን ይከፍላሉ። ከመካከላቸው አንዷ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ከጋገረች ደግሞ ጭቅጭቁ አይጣል ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

በአንድ ዋጋ፦ ሂሳቡ ግልጽ ነው፤ ለመካፈልም አያስቸግርም። ግን አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ያለውን ቤት ይጎዳል።

ለየቤቱ ቆጣሪ በገባበት እርከኑ ይሻላል። ተከራይ በበዛበት ግቢ ግን፣ ቆጣሪው እስኪለያይ ድረስ፣ አንድ ዋጋ ይሻላል ባይ ነኝ።