አይጥን ከቆመ መኪና ለማራቅ፦ የሽቦ ወንፊት፣ ወጥመድ፣ ቴፕ ወይስ የድምፅ መሣሪያ?

ጎንደር ላይ እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ሲገባ አይጡም ተከትሎ ይገባል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ማታ ሞተሩ ሳይበርድ የቆመ መኪና ያን ጊዜ ጥሩ መኝታ ነው። ነዳጅ ጠፍቶ ሳምንት ሁለት ሳምንት ግቢ የዋለ ቪትዝ ደግሞ ማንም የማይረብሸው ቤት ይሆንለታል፤ እዚያው ሆኖም የመኪናውን ሽቦ ይበላል።

ብዙ የሚወራለት በድምፅ ያባርራል የሚባለው፣ ከባትሪው ጋር የሚገናኘው ትንሽ መሣሪያ ነው። ገንዘብዎን አያውጡበት። መሣሪያው የሚያወጣው፣ ሰው የማይሰማው ከ20 ኪሎ ኸርዝ በላይ የሆነ ቀጭን ድምፅ ጠጣር ነገር አያልፍም፤ ከሞተሩ ጀርባ የተጠለለው አይጥ አይደርሰውም፣ የሰማውም ቶሎ ይለምደዋል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ከ60 ለሚበልጡ አምራቾችና ሻጮች፣ የምትሉትን በሳይንሳዊ ማስረጃ አስደግፉ የሚል ማስጠንቀቂያ ልኮ ነበር።

መጀመሪያ መግዛት ያለብዎት የሽቦ ወንፊት ነው። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ የዶሮ ሽቦ ትንሿን የቤት አይጥ አያግድም። እንዳይዝግ ዚንክ የተነከረ ይሁን። ለትንሽ መኪና አንድ ካሬ ሜትር ይተርፋል፤ ምክንያቱም የሚሸፈነው በዋናነት ሁለት ቦታ ነው፦ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የአየር መግቢያና የአየር ፊልትሮው ቱቦ አፍ። ከውጭ በኩል ይታሰር፤ ከውስጥ የታሰረ ሽቦ ሲላቀቅ ወደ ማራገቢያው ወይም ወደ ፊልትሮው ይሳባል። ጠርዙን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይጠፉት፣ አለዚያ ወንፊቱ ራሱ የመኪናውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይልጣል። ከቺንጊያና ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የራዲያተሩን ፊት ግን አይሸፍኑ፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይግላል። የሞተሩ ሆድ ክፍት ስለሆነ ወንፊት ብቻውን አይበቃም። ዘይት ሲቀየር ተፈትቶ ጋራዥ የቀረ የታችኛው ፕላስቲክ ካለ አስመልሰው ያስገጥሙት።

ያን ክፍተት የሚያካክሰው ወጥመድ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ይቀላል። አይጥ ወደ ሞተሩ የሚወጣው በአብዛኛው በጎማው ላይ ስለሆነ በየጎማው አጠገብና በግድግዳው ሥር ያስቀምጡት፣ ምግቡ የሚቀመጥበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ። ትልቁ አይጥ አዲስ ነገር ይፈራል፤ ስለዚህ የኦቾሎኒ ቅቤ ቀብተው ሦስት ሌሊት ሳያጠምዱ ይተዉት፣ መብላት ሲጀምር ያጥምዱ። ለትንሿ የተሠራ ወጥመድ ትልቁን አይገድለውም፤ አስደንግጦ ያስተምረዋል እንጂ። ኮፈኑ ውስጥ ወጥመድ አይቀመጥም።

እንደ በርበሬ አፍ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር የተቀባው የኤሌክትሪክ ቴፕ ውድ ቢሆንም ይሠራል፤ ሆንዳም እንዲህ ያለ ቴፕ ይሸጣል። ሽቦው እንዲሁ የተጋለጠበትን ብቻ ይጠቅልሉ፣ ግማሽ በግማሽ እያደራረቡ። በ5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቴፕ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሽቦ ጥቅል በሜትር 2.5 ሜትር ቴፕ ይፈጃል። ጓንት ያድርጉ። በሱ ፈንታ ሚጥሚጣ በዘይት ለውሶ መቀባት ርካሽ ይመስላል፤ ዘይቱ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ይጨሳል፣ የደረቀው ብናኝም በማራገቢያው ገብቶ የሾፌሩን ዓይን ያነደዋል።

ናፍታሊን ሙቀት ላይ ቶሎ ይተናል፤ ሽታውም ወደ ጋቢናው ይገባል። መርዝ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ደም የሚያቀጥነው ዓይነት ለመግደል ቀናት ይወስዳል፤ አይጡ በዳሽቦርዱ ውስጥ ሞቶ ሊገማ ይችላል፣ የተመረዘውን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። ድመቷ ደግሞ ከወጥመዱ ጋር ሲደመር ጥሩ ረዳት ናት።

ሽቦው ቀድሞ ከተበላ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱና ጎጆውን በረኪና ባለው ውሃ አርጥበው ያንሱት፤ በደረቁ አይጥረጉት። የሽንቱ ሽታ ካልጠፋ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። የተቆረጠው ሽቦ ተጠምዝዞ በቴፕ ከታሰረ በእርጥበት ይበላሻል፤ መካኒኩ በሚቀልጥ የብየዳ ቆርቆሮ (ስታኞ) ይበይደውና በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ያልብሰው።