ስቲቪ ዎንደር ወይስ ቢትልሶች?

ድንቅ አልበሞችን በላይ በላዩ በማውጣት ማን ይበልጣል? በፍጥነት ከሆነ የእንግሊዙ ባንድ ቢትልሶች አይታሙም። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1967 «ራበር ሶል»፣ «ሪቮልቨር» እና «ሳርጀንት ፔፐር» ተከታትለው ወጡ። ግን እነሱ አራት ነበሩ፤ ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲንም ነበረ።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ስቲቪ አብዛኛውን መሣሪያ ራሱ ነው የተጫወተው። የ1972ቱን ዘፈኑን «ሱፐርስቲሽን» እስቲ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። መጀመሪያ ከበሮው ብቻውን ይገባል፤ ከዚያ ክላቪኔቱ (ፒያኖ መሰል የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ይከተላል። ሁለቱም የእሱ እጆች ናቸው! በ1973 «ኢነርቪዥንስ» በወጣ በሦስተኛው ቀን የመኪና አደጋ ደርሶበት ራሱን ስቶ ነበር። በዓመቱ ሌላ አልበም ይዞ መጣ። በ1976 ደግሞ «ሶንግስ ኢን ዘ ኪ ኦፍ ላይፍ»ን አስከተለ። ሦስቱም የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብለው ግራሚ ወስደዋል። ቢትልሶችን በጣም እወዳቸዋለሁ፤ ልቤ ግን ለስቲቪ ያደላል።