ዕዳን ወደ ዜሮ ወለድ ካርድ ማዛወር፦ የሚያተርፍበትና የሚያከስርበት

ባንኮች «ባላንስ ትራንስፈር» እያሉ የሚያቀርቡት ክሬዲት ካርድ አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ባንክ ካርድ ላይ ወለድ የሚቆጥር ዕዳ አለብዎት እንበል። ሌላ ባንክ ያንን ዕዳ ይዘጋልዎትና በራሱ ካርድ ላይ ያስመዘግበዋል፤ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 21 ወር፣ ወለድ አይጠይቅም። ለዚህም አንድ ጊዜ የሚከፈል የማዛወሪያ ክፍያ ያስከፍላል፤ በአብዛኛው ከሚዛወረው ዕዳ ከ3 እስከ 5 በመቶ። ዜሮዋ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ትጻፋለች፤ የማዛወሪያው ክፍያ ግን ከታች በደቃቁ ነው።

ይህ ካርድ ዕዳ አይቀንስም፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ቀን ያሳድገዋል። የሚሸጠው ጊዜ ነው። ጊዜው ዋጋውን ያወጣል ወይ የሚለው የሚታወቀው ከማመልከት በፊት በሚሠራ የአምስት ደቂቃ ሒሳብ ነው።

በዓመት 24 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት 6,000 ዕዳ እንውሰድ፤ ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን። ለማቅለል በወር 2 በመቶ እንበለው፤ የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 120 ነው። በየወሩ 412 ቢከፍሉ ዕዳው የሚያልቀው በ18ኛው ወር ሲሆን ለወለድ 1,164 ገደማ ይወጣል። ይኸው ዕዳ 3 በመቶ ተከፍሎበት የ15 ወር ዜሮ ወለድ ወዳለው ካርድ ቢዛወር 180 ተጨምሮበት 6,180 ይሆናል። ለ15 ሲካፈል በወር 412 ይመጣል። ከኪስ በየወሩ የሚወጣው አንድ ነው፤ ልዩነቱ 984 ገደማ ይተርፋል፤ ዕዳውም ሦስት ወር ቀድሞ ያልቃል። በዚህ በኩል ካርዱ ምስጋና ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እንይ። 1,000 ዕዳ ያለበትና በሦስት ወር ሊከፍለው የሚችል ሰው በዚያው 24 በመቶ የሚያወጣው ወለድ 40 አካባቢ ነው። 5 በመቶ የሚያስከፍል ካርድ 50 ይወስድበታል። ወለድ ሸሽቶ ከወለድ የበለጠ መክፈል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካርዱን ትቶ ዕዳውን ቢከፍል ይሻለዋል።

ሰዎች የሚወድቁበት ትልቁ ጉድጓድ ግን «ዝቅተኛ ክፍያ» የምትለዋ መስመር ናት። ወለድ ስለሌለ ባንኩ በየወሩ የሚጠይቀው ትንሽ ነው፤ ለምሳሌ የቀሪው ዕዳ 2 በመቶ። በ6,180 ላይ የመጀመሪያው ወር 124 ይሆናል። ደስ ይላል፤ ኪስ አይጎዳም። በዚሁ ከቀጠሉ ግን በ15ኛው ወር መጨረሻ 4,564 ገደማ ዕዳ ሳይነካ ይቀራል፤ በማግስቱም መደበኛው ወለድ ይጀምራል። ስለዚህ አውቶማቲክ ክፍያ ሲሞሉ «ዝቅተኛውን ክፈል» የሚለውን ሳይሆን «ቋሚ መጠን» የሚለውን ይምረጡና 412ን ራስዎ ይጻፉ። ቀኑን ደግሞ ከመክፈያው ቀን አራት አምስት ቀን ያስቀድሙት፤ ከባንክ ወደ ባንክ የሚላክ ገንዘብ ቅዳሜና እሁድ ወይም በዓል ከገባበት ይዘገያል። ብዙ ውሎች ላይ ክፍያ ማሳለፍ ቅጣት ብቻ አይደለም፤ ዜሮው ራሱ ሊሰረዝ ይችላል።

የማዛወሩ ሂደት ራሱ ማስታወቂያው እንደሚያስመስለው ፈጣን አይደለም። ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በዚህ መሃል አሮጌው ካርድ ላይ የሚደርሰውን ክፍያ «ተዛውሯል» ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው፤ ቀኑ ካለፈ ቅጣቱ የሚመጣው ከአሮጌው ባንክ ነው። ዕዳው መዘጋቱን በአሮጌው ካርድ ሒሳብ ላይ በዓይን እስኪያዩ ድረስ መክፈልዎን ይቀጥሉ። ከዚያም በኋላ የሚቀጥለውን ወር መግለጫ ይክፈቱ፤ ወለድ በየቀኑ ስለሚቆጠር መግለጫው ከወጣበት ቀን እስከ ተዘጋበት ቀን የተጠራቀመች ትንሽ ወለድ ብቅ ትላለች። 11 ወይም 14 የምትሆን ገንዘብ ናት፤ ካልተከፈለች ግን ስምዎን እንደ ትልቅ ዕዳ በክፉ ታስነሳለች።

ከማመልከትዎ በፊት ውሉ ላይ በጣት ተከትለው ሊያነቧቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የ15 ወሩ ቆጠራ ከመቼ ይጀምራል? ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ከተከፈተበት ቀን እንጂ ዕዳው ከተዛወረበት ቀን አይደለም። ዝውውሩ ሦስት ሳምንት ከፈጀ አንድ ወር ገደማ ሄደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሲያካፍሉ በ15 ሳይሆን በ14 ያካፍሉ፤ 6,180 ለ14 በወር 442 ገደማ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዝውውሩ በስንት ቀን ውስጥ መጠየቅ አለበት? ያ ቀን ካለፈ ዜሮው ላይሰጥ ወይም ክፍያው ሊጨምር ይችላል። ሦስተኛ፣ የብድር ጣሪያው ስንት ነው? ይህ የሚታወቀው ከተፈቀደ በኋላ ነው። ለ6,000 አመልክተው ጣሪያው 4,000 ቢሆን የሚዛወረው ከዚያ በታች ነው፤ የማዛወሪያው ክፍያም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። እንዲህ ሲሆን ከካርዶችዎ ከፍተኛ ወለድ ያለበትን ያስቀድሙ፤ ትልቁን ዕዳ ማስቀደም ስሜት እንጂ ሒሳብ አይደለም። በነገራችን ላይ፣ አንድ ባንክ ከራሱ ካርድ ወደ ራሱ ካርድ ዕዳ እንዲዛወር ብዙውን ጊዜ አይፈቅድም።

አዲሱን ካርድ ለግዢ መጠቀምስ? አይሆንም። ዜሮው ለተዛወረው ዕዳ ብቻ የሚሠራባቸው ካርዶች ብዙ ናቸው። የተዛወረ ዕዳ ካርዱ ላይ እያለ የሚገዛ ዕቃ ደግሞ የእፎይታ ጊዜውን፣ ማለትም እስከ መክፈያው ቀን ያለ ወለድ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ሊያጣና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ሊቆጥር ይችላል። ለዕለት ግዢ ካርድ ካስፈለገ ዕዳ የሌለበት ሌላ ካርድ ይሁን፤ መግለጫው ላይ የወጣው ሙሉ ሒሳብ በመክፈያው ቀን ከተከፈለ ወለድ የለበትም። ከካርዱ በኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ለየትኛውም ክሬዲት ካርድ አይመከርም፤ የእፎይታ ጊዜ የለውም፣ ክፍያም አለበት።

ከዚህ ካርድ ጋር የሚምታታ አንድ መንትያ አለ፤ የቤት ዕቃና የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች የሚሰጡት «በ12 ወር ከከፈሉ ወለድ የለም» የሚለው። ስሙ ይመሳሰላል፣ ጠባዩ ሌላ ነው። እዚያ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጓሮ ሲቆጠር ይቆያል። በ12ኛው ወር መጨረሻ 5 ብቻ ብትቀር የዓመቱ ወለድ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጫናል። በእውነተኛው ዜሮ ካርድ ግን ከጊዜው በኋላ ወለድ የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻ ነው። ውሉ ላይ «የተላለፈ ወለድ» ወይም «ከግዢው ቀን ጀምሮ» የሚል ካዩ ሁለተኛው ዓይነት መሆኑን ይወቁ።

ባዶ የሆነው አሮጌ ካርድ የብዙ ሰው ፈተና ነው። ዕዳው ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ጣሪያው ግን እንዳለ ክፍት ነው፤ ተመልሶ ሲሞላ ዕዳው አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። ካርዱን መዝጋት የብድር ነጥብ (አበዳሪዎች የሰውን የመክፈል ታማኝነት የሚመዝኑበት ቁጥር) በሚታይበት አገር ነጥቡን ሊያወርድ ስለሚችል፣ ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው ክፍት አድርጎ መቆለፍ ይሻላል። የባንኩ መተግበሪያ ላይ «ካርድ አግድ» የሚል ቁልፍ ካለ ይጫኑት። ከዚያ በፊት ግን ካርዱን ከተመዘገበባቸው መገበያያዎች ሁሉ ይሰርዙ፤ በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ የስልክ ወይም የፊልም ክፍያ ካለ ወደ ዴቢት ካርድ ያዛውሩት።