ዲዝኒላንድ ወይስ ዲዝኒሲ? ቶኪዮ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ላላችሁ የተዘጋጀ ንጽጽር

ከቶኪዮ በስተምሥራቅ፣ በቺባ ግዛት ኡራያሱ ከተማ፣ በባሕሩ ዳር ሁለት የዲዝኒ ፓርኮች ጎን ለጎን አሉ። ብዙ ሰው «ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን እናያለን» ብሎ ያስባል። አይሆንም። የአንድ ቀን ትኬት የሚሸጠው ቀኑና ፓርኩ ተለይቶ ነው፤ የሚያስገባውም በአንዱ በር ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መወሰን ያለባችሁ ነገር ይህ ነው።

ፍርዳችንን በቅድሚያ እንናገር። ቁመቱ 102 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ አብሯችሁ ካለ ቶኪዮ ዲዝኒላንድን ምረጡ። ሁላችሁም አዋቂዎች ወይም ረዘም ያሉ ታዳጊዎች ከሆናችሁ ቶኪዮ ዲዝኒሲን። ካሊፎርኒያ፣ ፓሪስ ወይም ሆንግ ኮንግ ባለ ግንቡን ፓርክ ያየ ሰውም ወደ ዲዝኒሲ ቢሄድ ይሻለዋል፤ የሱ አምሳያ በዓለም ላይ ሌላ የለምና።

ምን ይለያቸዋል?

ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1983 የተከፈተ፣ ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው የዲዝኒ ፓርክ ነው። መሐሉ ላይ የሲንደሬላ ግንብ ቆሟል፤ መንገዶቹ ከግንቡ ወደ የአቅጣጫው ስለሚበተኑ መጥፋት ከባድ ነው። መሬቱ ደልዳላ ስለሆነ የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ሰው ይመቻል። ቀን ሰልፈኛ ትርኢት፣ ማታ ደግሞ በመብራት ያሸበረቀ ሌላ ትርኢት በመንገዱ ያልፋል።

ዲዝኒሲ የተከፈተው ሴፕቴምበር 4 ቀን 2001 ነው። የተሠራው በውኃ ዙሪያ ነው፦ ወደቦች፣ ድልድዮች፣ መሐሉ ላይ ፕሮሜቴየስ የተባለ እሳተ ገሞራ የሚመስል ተራራ። ለዓይን እጅግ የሚያረካ ነው፤ ግን ደረጃው፣ ዳገቱና ጥምዝምዙ ብዙ ነው። ካርታ ላይ አጠገብ ለአጠገብ የሚመስሉ ሁለት ቦታዎች መካከል ውኃ ስላለ ዞራችሁ ትደርሳላችሁ። ጁን 6 ቀን 2024 ደግሞ ፋንታሲ ስፕሪንግስ የተባለ አዲስ ክፍል ከነፍሮዘን፣ ራፑንዜልና ፒተር ፓን መጫወቻዎቹ ተጨምሯል። አሁን ሕዝቡን የሚስበው በዋናነት ይህ ክፍል ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ልጃችሁን ለኩ

ቤተሰብን ከምንም በላይ የሚያስከፋው ጉዳይ ቁመት ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን። የትኬት ዋጋ በዕድሜ ይወሰናል፤ የመጫወቻ ፈቃድ ግን በሴንቲ ሜትር ነው። ሠራተኞቹ መግቢያው ላይ ይለካሉ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢጎድል ልመና አይሠራም። መያዣው ብረት ከተወሰነ ቁመት በታች ያለን ሰውነት አጥብቆ ስለማይይዝ ነው፤ ወላጅ አጠገቡ መቀመጡ ይህን አይለውጠውም።

ዲዝኒሲ ውስጥ ጆርኒ ቱ ዘ ሴንተር ኦቭ ዚ ኧርዝ፣ ኢንዲያና ጆንስና ሬጂንግ ስፒሪትስ 117 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። ሶሪንግ፣ ታወር ኦቭ ቴረርና በአዲሱ ክፍል ያለው ፒተር ፓን 102 ይጠይቃሉ። አሁን ቁጥሮቹን ከአራት ዓመት ልጃችሁ ጋር አስተያዩ፤ ፓርኩ ከሚታወቅባቸው መጫወቻዎች አብዛኞቹ ይዘጉበታል። ለሱ ከሚቀሩት ዋናዎቹ ፍሮዘን፣ ራፑንዜል፣ ቶይ ስቶሪ ማኒያና በጣሪያ ሥር ያለው መርሜይድ ላጉን ናቸው። ጥሩዎች ናቸው፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሰልፋቸው ረጅም ነው።

ዲዝኒላንድ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ቢግ ተንደር ማውንቴንና ስታር ቱርስ 102፣ ስፕላሽ ማውንቴን 90 ይጠይቃሉ። ከእነዚህ ውጭ ያለው አብዛኛው፣ ዋናዎቹ ሳይቀሩ፣ ለትንንሾች ክፍት ነው። የቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት መጫወቻ (2020) ወይም ሐዲድ በሌላቸው የማር ማሰሮዎች ላይ ተቀምጠው የሚዞሩበት ፑስ ሀኒ ሀንት (2000) የቁመት ገደብ የላቸውም።

በሁለቱም ፓርኮች የሚጠቅም አንድ መላ አለ። ልጁ መግባት በማይችልበት መጫወቻ አንድ ወላጅ ገብቶ ሲወጣ፣ ሌላው እንደገና ሳይሰለፍ ተተክቶ መግባት ይችላል። ይህን ለማግኘት ግን ከመሰለፋችሁ በፊት ሁላችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ ንገሩ። ሰልፉን ጨርሶ መጠየቅ ከረፈደ ነው።

ሒሳቡ

የሁለቱ ፓርኮች የመግቢያ ዋጋ እኩል ነው፤ የሚለዋወጠው በቀኑ ነው። ኦክቶበር 2023 በወጣው ተመን አዋቂ ከ7,900 እስከ 10,900 የን፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ያለ ከ6,600 እስከ 9,000፣ ከ4 እስከ 11 ዓመት ያለ ከ4,700 እስከ 5,600 ይከፍላል። ሦስት ዓመትና ከዚያ በታች ነፃ ነው። ሁለት አዋቂና አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በርካሹ ቀን 20,500፣ በውዱ ቀን 27,400 የን ያወጣሉ ማለት ነው። ርካሾቹ ቀናት ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ የሥራ ቀናት ላይ ይውላሉ። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያለውን የጃፓኖች ተከታታይ በዓል፣ የኦገስት አጋማሽንና የዘመን መለወጫን ሽሹ፤ ዋጋውም ሰልፉም አብረው ይወጣሉ።

ሁለቱ ፓርኮች በወጪ የሚለያዩት ከገባችሁ በኋላ ነው። ፕሪሚየር አክሰስ የሚባለው፣ ከፍላችሁ በአጭሩ ሰልፍ የምትገቡበት ፈቃድ፣ ለአንድ መጫወቻ ለአንድ ሰው እንደ መጫወቻው ከ1,500 እስከ 2,000 የን አካባቢ ነው። ዲዝኒላንድ ውስጥ አንድ ገዝታችሁ፣ ወይም ምንም ሳትገዙ፣ ደስ ብሏችሁ መዋል ትችላላችሁ። ዲዝኒሲ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ የሚፈልጋቸው መጫወቻዎች ብዙ ስለሆኑ ቢያንስ ሁለት እንድትይዙ እንመክራለን። ለሦስት ሰው ሁለት ጊዜ በ2,000 የን ሲባዛ 12,000 የን ነው። ይህን ገንዘብ ከአሁኑ በዕቅዳችሁ አስገቡት።

ትኬት ስትገዙ የሚበላሸው

ሰዓቶቹን ስልካችሁ ላይ እንደምታዩት ጽፈናል። ትኬት ለሽያጭ የሚቀርበው ከጉብኝቱ ቀን ሁለት ወር አስቀድሞ፣ በጃፓን አቆጣጠር 14:00 ላይ ነው። በር ላይ ሄዶ መግዛት እንደሚቻል አትቁጠሩ፤ ሽያጩ በኢንተርኔት ነው። ዋናው ችግር የሚመጣው ከባንክ ካርድ ነው። ክፍያውን ለማጽደቅ ባንካችሁ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚደርሰው በተመዘገበው ስልክ ነው። ጃፓን ደርሳችሁ ሲም ካርዱን ቀይራችሁ ከሆነ ቁጥሩ አይደርሳችሁም፣ ክፍያውም ይከሽፋል። መፍትሔው ከመነሳታችሁ በፊት መግዛት፣ ወይም የድሮውን ሲም መልእክት እንዲቀበል አድርጎ መያዝ ነው። ፕሪሚየር አክሰስም በዚያው ካርድ ስለሚከፈል ችግሩ ፓርኩ ውስጥ ይከተላችኋል።

መጓጓዣ

ሁለቱም የሚደረሱት ከቶኪዮ ጣቢያ በኬዮ መስመር ማይሃማ ወርዶ ነው፤ ባቡሩ ራሱ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የኬዮ መስመር መሳፈሪያ ግን ከመሬት በታች፣ ከሌሎቹ መስመሮች ርቆ ነው የሚገኘው። ጣቢያው ውስጥ ለእግር መንገድ ብቻ 15 ደቂቃ ጨምሩ። ከማይሃማ ወደ ዲዝኒላንድ በር በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ወደ ዲዝኒሲ በእግር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ አለበለዚያ በሞኖሬል ነው። ሞኖሬሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚዞር ዲዝኒሲን የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ነው። ጄአር ፓስ የሚባለው የጎብኚዎች የባቡር ትኬት በኬዮ ባቡር ይሠራል፤ ሞኖሬሉ ግን ለብቻው ይከፈላል፣ ሱይካ የተባለውን ገንዘብ የሚሞላበት የመጓጓዣ ካርድ ይቀበላል። ከሃኔዳና ከናሪታ አየር ማረፊያዎች ቀጥታ አውቶቡስ አለ።

የጠዋቱ ቅደም ተከተል

የተለመደው መክፈቻ 9:00 ነው፤ በሩ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ ይከፈታል፣ የሆቴሎቻቸው እንግዶች ደግሞ 15 ደቂቃ ቀድመው ይገባሉ። 8:00 ላይ በሩ አጠገብ ሁኑ። የሁሉም ሰው ትኬት በአንድ ስልክ መተግበሪያ ላይ ይመዝገብ፤ ፕሪሚየር አክሰስ የሚገዛው ትኬቱ በር ላይ ከተነበበ በኋላ ነው። ቀጣዩን ለመግዛት 60 ደቂቃ ማለፍ ወይም የመጀመሪያው የመግቢያ ሰዓት መድረስ አለበት፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ቀኑን ይወስናል።

ዲዝኒሲ ከሆነ፣ እንደገባችሁ ቆም ብላችሁ የፍሮዘንን ግዙና በእግር ወደ ሶሪንግ ሂዱ። ሶሪንግ ለበሩ ይቀርባል፤ ፋንታሲ ስፕሪንግስ ወደ ውስጥ ሩቅ ነው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፦ እስከ ጥግ ሮጦ ይሰለፋል፣ ሲመለስ የፊቶቹ ሰልፎች ሞልተው ይጠብቁታል። ዲዝኒላንድ ከሆነ ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስትን ግዙና ፑስ ሀኒ ሀንት ላይ ተሰለፉ፤ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው።

ስልኩ ትኬትም፣ ካርታም፣ የምግብ ማዘዣም ስለሆነ ከቀትር በኋላ ባትሪ ያልቃል፤ ፓወር ባንክ ያዙ። ከውጭ ምግብ ማስገባት አይፈቀድም፣ የውኃ ጠርሙስ ይፈቀዳል። የራስ ፎቶ ዘንግና ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ሆቴል ይቅሩ።

ነፋስና ጥገና

ቦታው ባሕር ዳር በመሆኑ ከዝናብ ይልቅ ነፋስ ዕቅድ ያፈርሳል። ነፋስ ሲበረታ ርችት ይቀራል፤ የዲዝኒሲ የወደብ ላይ የማታ ትርኢት ይሰረዛል ወይም ያጥራል፤ የኬዮ ባቡርም ይዘገያል። ለማታው ትርኢት ብቻ ብላችሁ ዲዝኒሲን አትምረጡ። በዝናብ ቀን ግን መርሜይድ ላጉን ጣሪያ ሥር መሆኑ ልጅ ላለው ትልቅ እፎይታ ነው።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የጥገና መዝጊያ ሰሌዳውን ኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ላይ እዩ። ለምሳሌ የዲዝኒላንዱ ስፔስ ማውንቴን እንደ አዲስ ለመሠራት ጁላይ 2024 መጨረሻ ላይ ተዘግቷል፤ ዳግም መክፈቻው ለ2027 ነው የታሰበው። ሮለር ኮስተር ወዳድ ታዳጊ ካላችሁ ይህ አንዱ መጉደሉ ብቻ ሚዛኑን ወደ ዲዝኒሲ ያጋድለዋል።

የማታው ትርኢት እንዳለቀ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ማይሃማ ይጎርፋል። ትንሽ ልጅ የተኛባችሁ ከሆነ ከትርኢቱ ማብቂያ በፊት ውጡ፤ ካልሆነም ሱቆቹ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆዩና ጎርፉ ሲቀል ወደ ባቡሩ ሂዱ።