የጀልባ ሞተር ማንሻ ዘይት ሲያፈስ፦ ፓራኦሊ መቀየር ይሻላል ወይስ ሙሉውን መግዛት?

ጀልባ ያላቸው ጓደኞቼ ደጋግመው ይህን ይጠይቁኛል። ሞተሩን ከውሃ የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ማንሻ ዘይት ያፈሳል፤ ምን ልግዛ? ገበያው ሦስት ነገር ያቀርብላቸዋል። የፓራኦሊና የኦሪንግ ኪት (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች)፣ ኮፒ የሆነ ሙሉ ማንሻ እና ኦሪጅናል ሙሉ ማንሻ። የእኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። ከማንሻው ሲሊንደር የሚወጣውና የሚገባው ዘንግ ጤነኛ ከሆነ ኦሪጅናሉን ኪት ግዙ። ዘንጉ ከተበላ ኪቱ ላይ አዲስ ዘንግ ጨምሩ። ኮፒውን ሙሉ ማንሻ ግን ለማንም አልመክርም።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚያፈሰው የቱ እንደሆነ ይታወቅ። ሞተሩ አጠገብ ዘይት ስለታየ ብቻ ጥፋቱ የማንሻው ነው ማለት አይደለም። ከታች፣ በፕሮፔለሩ ዘንግ በኩል የሚወጣው የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ወፈር ይላል፣ ሽታውም ይለያል። መሪው ሃይድሮሊክ ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ ፊት በአግድም የተኛው ሲሊንደር ጫፎቹ ላይ ያፈሳል። ስለዚህ ሁሉንም በጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁ። ማንሻውን ጥቂት ጊዜ ከፍና ዝቅ አድርጉት። ከዚያ እርጥበቱ መጀመሪያ የት ብቅ እንዳለ ተመልከቱ። ዘይት ቁልቁል ስለሚወርድ ጠብታው የተገኘበት ቦታ ብዙ ጊዜ ያታልላል። ምንጩን ከላይ ፈልጉት።

አንዳንዴ ደግሞ ሞተሩ ተነስቶ ያድርና ጠዋት ወርዶ ይገኛል። መሬት ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለም። ይህ የውስጥ ማፍሰስ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለባት ሞተሩን በእጅ ለማውረድ የምትፈታዋ ቪቴ (ብሎን) ናት። በደንብ ካልጠበቀች ወይም ኦሪንጓ ከተቆረጠ ዘይቱ በውስጥ በኩል ይመለሳል። እሷ ደህና ከሆነች ተጠርጣሪዎቹ የፒስተኑ ኦሪንግና የፖምፓው ቫልቮች ናቸው። ቪቴዋን ሳያይ ሙሉ ማንሻ ቀይሩ የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ መካኒክ ፈልጉ።

አሁን ወደ ዋጋው። ኦሪጅናል ኪት ብዙ ጊዜ የኦሪጅናል ሙሉ ማንሻን ዋጋ አንድ አስረኛ እንኳ አይደርስም። ኮፒው ሙሉ ማንሻ አብዛኛውን ጊዜ ከኦሪጅናሉ ከግማሽ በታች ይሸጣል። ሰውን የሚያማልለው ይሄ ነው። «በግማሽ ዋጋ ሙሉ አዲስ ዕቃ» ሲባል ማን ይጠላል? ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አስሉት። ያየኋቸው ኮፒዎች የኤሌክትሪክ ሞተራቸው ቶሎ ይዝጋል። የሽቦው ሶኬት ስለማይገጥም ተቆርጦ ይቀጠላል፤ ያ ቅጥያ ውሃ ይገባበታል። ከሁሉም የሚያናድደው ኮፒው ራሱ ማፍሰስ ሲጀምር ነው። የውስጥ ልኩ ከኦሪጅናሉ ትንሽ ስለሚለይ ኦሪጅናሉ ኪት አይሆነውም። የራሱ ኪት ደግሞ አይሸጥም። ስለዚህ ለአንዲት ፓራኦሊ ብላችሁ እንደገና ሙሉ ማንሻ ትገዛላችሁ። ርካሽ የተባለው ዕቃ ሁለት ጊዜ ሲከፈልበት የኦሪጅናሉን ዋጋ ተጠጋ ማለት ነው።

ኪት ስትገዙም ጥንቃቄ አይለያችሁ። ኦሪጅናል ነው ተብሎ ተሽጦልኝ የነበረው ኪት ጎማው እንደ ፕላስቲክ ደረቅ ነበር። ገጥሞ ብዙም ሳይቆይ የፓራኦሊው ከንፈር ተሰነጠቀና ማፍሰሱ ካቆመበት ቀጠለ። የኪቱ ዋጋ ያን ያህል አልነበረም። የባከነው ሞተሩን ለመፍታትና ለመግጠም ሁለት ጊዜ የተከፈለው የእጅ ዋጋ ነው። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ያለውን የዕቃ ቁጥር ከሞተራችሁ ሞዴል ጋር አመሳክሩ። ከመግጠማችሁ በፊት አሮጌውንና አዲሱን ኦሪንግ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ውፍረቱም እኩል መሆን አለበት። በጣት ስትጫኑት ለስለስ ብሎ ወዲያው ካልተመለሰ አትግጠሙት።

ዘንጉን ሳታዩ ደግሞ ኪት አትግዙ። ሞተሩን አንሱና ዘንጉን ጥረጉ፤ ከዚያ ጥፍራችሁን ከላይ እስከ ታች ጎትቱበት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ወይም ዝገት ካለ አዲሱ ፓራኦሊ በዚያው ይቀደዳል። በጨው ውሃ የሚሠራ ሞተር ላይ ይህ የተለመደ ነው። ዘንጉ ለብቻው ከተገኘ ከኪቱ ጋር ግዙት። ሁለቱ ተደምረው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከሙሉው በእጅጉ ይረክሳሉ።

መሣሪያውንም ሒሳብ ውስጥ አስገቡ። የሲሊንደሩ ክዳን ቀዳዳዎቹ ውስጥ በሚገቡ ሁለት ጥርሶች ባለው ቁልፍ ነው የሚፈታው። በመሮና በመዶሻ የሚፈታ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። የክዳኑ ቀዳዳ ከተበላ ወይም ክዳኑ የሚጠብቅበት ጥርስ ከተላጠ ቀላሉ ሥራ ውድ ሥራ ይሆናል። ከመፈታቱ በፊት ደግሞ ሞተሩ በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ድጋፍ ይያዝ። ባለ 150 ፈረስ ጉልበት ሞተር 200 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። እጅ ላይ ከወረደ አያድንም።

ዘይቱ ላይ አትሳሳቱ። ያማሃ ለማንሻው የሚያዘው ዴክስሮን 2 የተባለውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ሜርኩሪ የተባለው ሞተር አምራች ደግሞ ለማንሻውም ለመሪውም የሚሆን የራሱ ዘይት አለው። የፍሬን ዘይት ግን በጭራሽ። ናይትራይል የሚባለውን ጎማ ያሳብጠዋል፤ አዲሱ ኪት ይበላሻል። ማፍሰስ ያቆማል ተብለው የሚጨመሩት ፈሳሾችም የሚሠሩት ጎማውን በማሳበጥ ነው። ለጊዜው ያስታግሱ ይሆናል፣ ገንዘቤን ግን አልሰጣቸውም።

ኦሪጅናል ሙሉ ማንሻ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። የማንሻው አካል ራሱ በዝገት ከተበሳ፣ ክዳኑ ተጣብቆ አልፈታ ካለ፣ ወይም ዘይቱ ወተት መስሎ ፖምፓውም በውሃ ከተበላሸ ኪት ማባከን ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ደግሞ የፖምፓው የውስጥ ዕቃ ለብቻው አይሸጥም። ያኔ ዋጋው ቢያምም ኦሪጅናሉን ግዙ። አቅም ካልፈቀደ ከኮፒው ይልቅ ከሌላ ሞተር የወረደ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። ዘንጉን በጥፍር ፈትሹት፣ ባትሪ ላይ አገናኝታችሁ ሲሠራ እዩት፣ ከዚያ አዲስ ኪት ግጠሙለት።

ከተገጠመ በኋላ በአብዛኞቹ ሞተሮች የዘይቱ ልክ የሚታየው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተነስቶና ተደግፎ ነው። ሞተሩ ወርዶ ሳለ የመሙያውን ክዳን አትክፈቱ፤ ግፊት ስላለ ዘይቱ ፊታችሁ ላይ ሊረጭ ይችላል። ዘይቱን ሙሉ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ አየሩ እስኪወጣ ደጋግማችሁ አንሱና አውርዱ፣ ከዚያ አንስታችሁ እንደገና ሙሉ።