ደብረ ብርሃን ላይ የ1876ቱን የምርጫ ካርታ ያሳተምሁበት ቤት

ታሪክ የምናስተምር ሰዎች ባነር ስናሳትም የሚያስጨንቀን ቀለሙ ሳይሆን ስህተቱ ነው። አንድ ቁጥር ከተዛነፈ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ተማሪ ያሳስታል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ልመስክር።

ያሳተምሁት እ.ኤ.አ. በ1876 የተካሄደውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በየግዛቱ የሚያሳይ ካርታ ነው፤ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል። ግርጌው ላይ ያን ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው እዚሁ አጠገባችን ልቼ ከተማ ይቀመጡ እንደነበር አስጽፌያለሁ፤ ተማሪዎቼ ዘመኑን የሚይዙት እንዲህ ሲሆን ነው።

ፋይሉን በፍላሽ ሰጥቼ ሄድሁ። ዲዛይን የምትሠራው ልጅ ማምሻውን ደወለች፤ «መምህር፣ ኮሎራዶ ላይ የሕዝብ ድምፅ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ሳላትመው ልጠይቅዎ ብዬ ነው።»

ባዶ የሆነው ሕዝቡ ስላልመረጠ ነው። ኮሎራዶ 38ኛ ግዛት የሆነችው ኦገስት 1 ቀን፣ ምርጫው የተካሄደው ደግሞ ኖቬምበር 7 ነው። ጊዜው ስላጠረ ለዚያ ዓመት ብቻ ሦስቱን ወኪል መራጮች፣ ማለትም በግዛቲቱ ስም ለፕሬዚዳንቱ ድምፅ የሚሰጡትን ሰዎች፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት ሰየመ። ምክር ቤቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበርና ሦስቱም ድምፃቸውን ለሪፐብሊካኑ እጩ ለሄይስ ሰጡ። ሄይስ በመጨረሻ ያሸነፈው በወኪል መራጮች ድምፅ 185 ለ184 ነው! ተፎካካሪው ቲልደን በሕዝብ ድምፅ በሩብ ሚሊዮን ገደማ ይበልጠው ነበር። ሰው ሁሉ ቆጠራው ያጨቃጨቀባቸውን ፍሎሪዳን፣ ሉዊዚያናንና ደቡብ ካሮላይናን ያነሣል። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን አንድም ዜጋ ሳይጠየቅ ሚዛን የደፋው የኮሎራዶ ድምፅ ነው፤ ካርታውን ያሠራሁትም ለእሱ ስል ነው።

ይህን ስነግራት ልጅቱ ዜሮ ብንጽፍ ተማሪ «መርጠው ማንም ድምፅ አላገኘም» ብሎ ይረዳዋል አለችኝ። ግዛቲቱን በሰያፍ መስመር ሞልታ «ምክር ቤቱ የሰየመው» ብላ ጻፈችበት። የሚያትመውን የሚያነብ ማተሚያ ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ኅትመቱ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ በደንብ የተሰፋ ነው። አንዱ የመስቀያ ቀለበት ተነቅሎብኝ ነበር፤ ያለ ክፍያ ቀየሩልኝ። መብራት ሲጠፋ ሥራው ስለሚዘገይ ከደብረ ሲና ወይም ከመሐል ሜዳ የምትመጡ አስቀድማችሁ ደውሉ። ፋይሉንም በፒዲኤፍ አምጡት፤ አለዚያ ፊደሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ይበታተናል።